አንቲኦክሲዳንት ለደም ግፊት? ግማሽ እውነት የሚናገር ዜና

«አንቲኦክሲዳንት» የሚለው ቃል ዛሬ ያልገባበት ቤት የለም። የፋርማሲ መስኮት ላይ ተለጥፏል፤ የሻይ ቅጠል ማሸጊያ ላይ ታትሟል፤ የሬዲዮ የጤና ፕሮግራም ከተከፈተማ ከአቅራቢው አፍ አይጠፋም። እኛም እዚሁ ዲፓርትመንት ውስጥ ለልምምድ የምንጽፋቸውን የጤና ዜናዎች ብታገላብጡ «በአንቲኦክሲዳንት የበለጸገ» የሚል ሐረግ አታጡም። ትርጉሙ ምንድን ነው ተብለን ብንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን «ለጤና ጥሩ የሆነ ነገር ነው» ከማለት አናልፍም።

በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግኩት አንቲኦክሲዳንት ከደም ሥርና ከደም ግፊት ጋር ያለውን ጉዳይ ነው። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ደም ግፊት እንደ ድሮው «የሀብታም በሽታ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 ባካሄደው አገር አቀፍ ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑት ሰዎች ከመቶ 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ በዓለም ላይ ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች 1.28 ቢሊዮን ያህሉ ደም ግፊት አለባቸው፤ ከእነዚህ ግማሽ የሚጠጉት በሽታው እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም። ሁለተኛ፣ ጋዜጠኛ አንድም ውሸት ሳይናገር ሰውን እንዴት ሊያሳስት እንደሚችል ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የአንቲኦክሲዳንት እንክብል የደም ግፊት መድኃኒት አይደለም። ይህ ደግሞ ስላልተጠና ሳይሆን በደንብ ተጠንቶ የታወቀ ነገር ነው። «ሳይንሱ እንዲህ ይላል» ብሎ መሀል መንገድ ላይ የሚቆም ዘጋቢ ሕመምተኛውን ከመድኃኒቱ ሊያለያየው ይችላል።

ሳይንሱ እውነት ነው

መጀመሪያ ለሌላው ወገን ፍትሐዊ እንሁን። አንቲኦክሲዳንት ለደም ሥር ይጠቅማል የሚለው ሐሳብ ከሜዳ የተነሳ ወሬ አይደለም። ከጀርባው የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሥራ አለ።

ብዙዎቻችን የደም ሥር ሲባል እንደ ውኃ ቱቦ ዝም ብሎ የተዘረጋ ነገር ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። የደም ሥር ይጠባል፣ ይሰፋል። ውስጠኛው ገጹ ደግሞ በአንድ ረድፍ ሕዋሳት ብቻ የተሸፈነ ነው፤ ይህ ስስ ሽፋን ኢንዶቴልየም ይባላል። ለረጅም ጊዜ ይህ ሽፋን ከግድግዳ ቀለም የተለየ ሥራ ያለው አይመስልም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1980 ሮበርት ፈርችጎት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ብሩክሊን በሚገኘው ላብራቶሪው ከጥንቸል የተወሰደ የደም ሥር ላይ ያየውን ነገር አሳተመ። አሲታይልኮሊን የተባለው ኬሚካል አንዳንዴ የደም ሥሩን ያዝናናዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ያጠበዋል። ለምን? ነገሩ ሲጣራ ልዩነቱ የመጣው ከአዘገጃጀቱ ሆኖ ተገኘ። የደም ሥሩ ሲቆረጥና ሲዘጋጅ ውስጠኛው ሽፋን ሳይታወቅ ከተፋቀ አይዝናናም፤ ሽፋኑ ካልተነካ ግን ይዝናናል። ስለዚህ ያ ቀለም ብቻ ይመስል የነበረው ሽፋን ወደ ጡንቻው «ላላ በል» የሚል መልእክት ይልካል ማለት ነው። መልእክተኛው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ መሆኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1998 ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድ በዚሁ ምክንያት የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። የሚገርመው ዲናማይትን የሠራው አልፍሬድ ኖቤል ራሱ በስተርጅናው ለልብ ሕመሙ ሐኪሞች ያዘዙለት ናይትሮግሊሰሪን ነበር። ይህ የዲናማይቱ ፈንጂ ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚሠራው ናይትሪክ ኦክሳይድን በመልቀቅ ነው።

አሁን አንቲኦክሲዳንት የሚገባበት ቦታ ላይ ደረስን። በሰውነታችን ውስጥ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ፣ ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን የያዙ፣ ያገኙትን ሁሉ የሚነካኩ ነገሮች ይፈጠራሉ። አንዱ ሱፐርኦክሳይድ ይባላል። ሱፐርኦክሳይድ ናይትሪክ ኦክሳይድን ሲያገኝ ወዲያው ይዋሃደውና ፐርኦክሲናይትራይት ወደሚባል ጎጂ ነገር ይለውጠዋል። መልእክተኛው መንገድ ላይ ተገደለ ማለት ነው። መልእክቱ ካልደረሰ ጡንቻው አይላላም፤ የደም ሥሩ እንደተኮማተረ ይቀራል፤ ደሙ በጠበበ መንገድ ሲያልፍ ግፊቱ ይጨምራል። ደም ግፊት ባለባቸው፣ በሚያጨሱና ስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ይህ ሂደት ጎልቶ ይታያል።

እንግዲህ አመክንዮው ቀላል ነው። ፍሪ ራዲካል መልእክተኛውን የሚገድል ከሆነና አንቲኦክሲዳንት ደግሞ ፍሪ ራዲካልን የሚያጠፋ ከሆነ፣ አንቲኦክሲዳንት የደም ሥርን ያላላል፣ ግፊትን ይቀንሳል። እንዲያውም በ1990ዎቹ አጋማሽ ቫይታሚን ሲ በቀጥታ ወደ አጫሾች የክንድ የደም ሥር ሲገባ የደም ሥሩ የመላላት ችሎታ ሲሻሻል ታይቷል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል እንጂ! የእኛ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እንክብሉ ሲፈተን

እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ነርሶችና በሌሎች የጤና ባለሙያዎች ላይ የተደረጉ ሁለት ትልልቅ ክትትሎች ወጡ። ቫይታሚን ኢ የሚወስዱት ሰዎች ከማይወስዱት ይልቅ በልብ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ ነበር። ነገር ግን ክትትል ማለት ሰዎች በራሳቸው ፈቃድ የሚያደርጉትን ማየት ነው። ቫይታሚን ገዝቶ የሚወስድ ሰው ብዙውን ጊዜ ስፖርት የሚሠራ፣ የማያጨስ፣ ሐኪም ዘንድ የሚመላለስ ሰው ነው። ታዲያ የጠቀመው ቫይታሚኑ ነው ወይስ ኑሮው? ይህን ለመለየት ያለው መንገድ አንድ ነው። ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሹ ትክክለኛውን እንክብል፣ ለግማሹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ሰጥቶ፣ ዓመታት ጠብቆ ማየት።

ያንን አደረጉት። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 የሚያጨሱ ወንዶች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ጥናት ሁሉንም አስደነገጠ። ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ሰዎች በሳንባ ካንሰር የተያዙት ካልወሰዱት ይልቅ በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳይ ጥናት ጊዜው ሳይደርስ እንዲቆም ተደረገ፤ የሳንባ ካንሰሩ በ28 በመቶ፣ ሞቱ በ17 በመቶ ጨምሮ ነበር።

ስለ ልብና ስለ ደም ሥር ከሆነ ግን ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚናገረው እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ሆፕ የተባለው ጥናት ነው። ይህን ጥናት እያንዳንዱ የጋዜጠኝነት ተማሪ ቢያውቀው እወዳለሁ። ከ9,500 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል፤ ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ነው፤ የደም ሥር በሽታ ወይም ስኳር ከሌላ ተጨማሪ ችግር ጋር ያለባቸው ናቸው። ጥናቱ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነበር የፈለገው። ለእነዚሁ ሰዎች በአንድ ዕጣ ቫይታሚን ኢ ወይም አስመሳይ እንክብል፣ በሌላ ዕጣ ደግሞ ራሚፕሪል የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት ወይም አስመሳዩ ተሰጣቸው። አራት ዓመት ተኩል ገደማ ተጠበቀ።

ውጤቱስ? ቫይታሚን ኢ ከወሰዱት መካከል 16.2 በመቶው የልብ ድካም ጥቃት ወይም ስትሮክ ደረሰባቸው አሊያም በልብና በደም ሥር በሽታ ሞቱ። ካልወሰዱት መካከል ደግሞ 15.5 በመቶ። ልዩነት የለም ማለት ነው። በራሚፕሪል በኩል ግን ከወሰዱት 14.0 በመቶ፣ ካልወሰዱት 17.8 በመቶ ሆነ። በመቶ ሰው ወደ አራት ሰው የሚጠጋ ተረፈ ማለት ነው። ያው ሰው፣ ያው ሐኪም፣ ያው ዘመን፤ አንዱ ክኒን አዳነ፣ ሌላው አላዳነም።

በእንግሊዝ 20,536 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ጥናት ደግሞ ቫይታሚን ኢን፣ ቫይታሚን ሲንና ቤታ ካሮቲንን አንድ ላይ ለአምስት ዓመት ሰጠ። በሰዎቹ ደም ውስጥ ያለው የቫይታሚን መጠን በእርግጥ ከፍ አለ፤ በልብ ጥቃት፣ በስትሮክም ሆነ በሞት ላይ ግን ለውጥ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የመከላከያ አገልግሎቶች ግብረ ኃይል ቫይታሚን ኢንና ቤታ ካሮቲንን የልብ በሽታን ለመከላከል መውሰድን እንደማይመክር በግልጽ አስታወቀ።

ታዲያ ለምን አልሠራም?

ይህ ጥያቄ ለእኔ ከመልሱ እኩል ያስደስተኛል፤ ምክንያቱም ሳይንሱ ሳይዋሽ ተስፋው እንዴት እንደከሸፈ ያሳያል።

አንደኛው ምክንያት ፍጥነት ነው። ሱፐርኦክሳይድና ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲገናኙ የሚዋሃዱበት ፍጥነት፣ ቫይታሚን ሲ ሱፐርኦክሳይድን ከሚይዝበት ፍጥነት ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል። ሌባው ዕቃውን ይዞ ሰፈር ከለቀቀ በኋላ ዘበኛው በር ላይ ቢደርስ ምን ይረባል? ዘበኛው ሌባውን እንዲቀድም ከተፈለገ በጣም ብዙ ዘበኛ ማሰለፍ ያስፈልጋል። በቀጥታ ወደ ደም ሥር ሲገባ ያ ብዛት ለጥቂት ጊዜ ይገኛል፤ በአፍ በሚዋጥ እንክብል ግን አይገኝም። ሰውነታችን ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነውን ቫይታሚን ሲ አልቀበልም ብሎ በሽንት ያስወጣዋልና። በክንድ የደም ሥር ላይ የታየው ነገር እውነት ሆኖ ሳለ ቤት ውስጥ የሚዋጠው እንክብል ያንኑ የማይደግመው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምንጩ ነው። በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ሱፐርኦክሳይድን ከሚያመርቱት ዋነኛ ነገሮች አንዱ በአንጂዮቴንሲን ትእዛዝ የሚነሳ ኢንዛይም ነው። አንጂዮቴንሲን የደም ሥርን የሚያጠብ የሰውነታችን ሆርሞን ነው። አሁን ወደ ራሚፕሪል ተመለሱ። ይህ መድኃኒት፣ በእኛ አገር በብዛት የሚታወቀው ወንድሙ ኢናላፕሪልም ጭምር፣ የሚሠራው አንጂዮቴንሲን እንዳይመረት በማድረግ ነው። ቧንቧው ተከፍቶ ቤቱን ውኃ ሲሞላው አንዱ ሰው በጨርቅ ይወለውላል፤ ሌላው ሄዶ ቧንቧውን ይዘጋል። ቫይታሚኑ ወልዋዩ ነው፤ ክኒኑ ቧንቧ ዘጊው ነው። በሌላ አነጋገር፣ ለደም ግፊት ሕመምተኛ የደም ሥር ከእንክብሉ ይልቅ ለአንቲኦክሲዳንትነት የሚቀርበው ያ በርካሽ የሚገኘው፣ ማንም የማያስተዋውቀው የግፊት ክኒን ነው።

ሦስተኛው፣ ፍሪ ራዲካል ሁሉ ጠላት አይደለም። ነጭ የደም ሕዋሳት ተህዋስያንን የሚገድሉት በእነሱ ነው፤ ሕዋሳትም እርስ በርስ መልእክት ይለዋወጡባቸዋል። ሁሉንም ጠራርጎ ማጥፋት ቢቻል ኖሮ እንኳ መልካም ነገር ላይሆን ይችል ነበር።

ውሸት ያልነበረበት ፕሮግራም

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ሳይንስ ለማስተማር አይደለም፤ ለዚያ ሌላ ዲፓርትመንት አለ። የጻፍኩት ጉዳዩ ቤቴ ድረስ ስለገባ ነው።

አክስቴ ደም ግፊት አለባት። ለዓመታት ክኒኗን ጠዋት ጠዋት ከቁርስ ጋር ስትወስድ ኖራለች። አንድ ቀን በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ በሚተላለፍ የጤና ፕሮግራም ላይ ስለ አንቲኦክሲዳንት ትሰማለች፤ የደም ሥርን «ያጸዳል»፣ «ያድሳል»፣ ከተፈጥሮ ስለሆነም ለሰውነት ይስማማል ተባለ። እንክብሉን ገዛች። ዋጋው ከክኒኗ ብዙ እጥፍ ነው። ከዚያ «ሁለት መድኃኒት አይደራረብም» ብላ ክኒኑን አቆመች። ለማንም አልነገረችም፤ ምንም አላመማትምና። ደም ግፊት ሲባል እኮ እንዲህ ነው፤ ሲወጣ ድምፅ የለውም። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ግፊቷ ሲለካ 190 በ110 ሆነ። ሲስተሯ ደንግጣ ሁለተኛ ለካችው፤ ያው ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ስትሮክ ሳይቀድማት ወደ ክኒኗ ተመለሰች።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ማታ የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው። «አንቺ ጋዜጠኛ ልትሆኚ አይደል የምትማሪው? እስኪ ንገሪኝ፣ ልጄ፣ ሬዲዮ ላይ ውሸት ይነገራል እንዴ?» አለችኝ።

የፕሮግራሙን ቅጂ ፈልጌ አዳመጥኩት። ናይትሪክ ኦክሳይድን በትክክል ጠርተዋል። የኖቤል ሽልማቱን ጠቅሰዋል። ፍሪ ራዲካል ምን እንደሚሠራም ተናግረዋል። መቼም «ያጸዳል» የሚለውን የማስታወቂያ ቃል ብንተወው፣ ይህ ውሸት ነው ብዬ የምጠቁምበት አንድ ዓረፍተ ነገር አላገኘሁም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። «በሰው ላይ ሲፈተን ምን ተገኘ?» የሚል ጥያቄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልተነሳም። በፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ የእንክብሉ አስመጪ ስም ሲጠራ ለምን እንዳልተነሳ ገባኝ።

ለአክስቴ የሰጠኋት መልስ «ውሸት አልተናገሩም፤ ግን ታሪኩን ግማሹ ላይ አቁመውታል» የሚል ነበር። እሷ ግን «ታዲያ ለእኔ ምን ልዩነት አለው?» አለች። እውነቷን ነው። የግፊት መለኪያው በውሸትና በግማሽ እውነት መካከል ልዩነት አያውቅም።

የሚነሱ መከራከሪያዎች

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳካፍል ከሰማኋቸው ተቃውሞዎች ሦስቱን ላንሳ።

የመጀመሪያው «ግን እኮ ቫይታሚን ሲ ግፊት ይቀንሳል የሚል ጥናት አለ» የሚል ነው። አዎ፣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች 29 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ ቫይታሚን ሲ የላይኛውን ግፊት በአማካይ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እንደሚቀንስ አገኙ። ይህን መደበቅ የለብንም። ነገር ግን ጥናቶቹ አጫጭር ናቸው፤ አብዛኞቹ ከጥቂት ሳምንታት ያለፉ አይደሉም። የለኩትም የግፊቱን ቁጥር እንጂ ስትሮክንና የልብ ጥቃትን አይደለም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ከዚህ ተነስተው እንክብሉን ለደም ግፊት ውሰዱ አላሉም። ደግሞስ ግፊቱ 190 ለሆነ ሰው 4 ቁጥር ምን ይፈይዳል?

ሁለተኛው «አትክልትና ፍራፍሬም አይጠቅምም ልትይን ነው?» የሚል ነው። በፍጹም! እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ዳሽ የተባለው ጥናት 459 ሰዎችን አሳትፎ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና ቅባቱ የቀነሰ የወተት ውጤት የበዛበት አመጋገብ ደም ግፊት ባለባቸው ሰዎች ላይ የላይኛውን ግፊት በ11.4፣ የታችኛውን በ5.5 እንደቀነሰ አሳይቷል፤ ያውም በስምንት ሳምንት። ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ግን ምግብ ምግብ ነው። በጎመንና በሙዝ ውስጥ ፖታሲየም አለ፣ አሰር አለ፣ ሌላም ሌላም አለ፤ ከዚያ ሁሉ አንዷን ቫይታሚን ነጥሎ በብልቃጥ መሸጥ ጎመኑን መሸጥ አይደለም። ስለ ሽፈራው ቅጠልም የምለው ይኸው ነው። በኮንሶና በጋሞ አካባቢ ለዘመናት ማዕድ ላይ የኖረ ምግብ ነው፤ ይበላ። በላብራቶሪ እንስሳት ላይ ግፊት ቀንሷል የሚል ጥናትም ወጥቷል፤ ይዘገብ። ግን «በእንስሳት ላይ» የምትለዋ ቃል ከርእሱ ላይ አትውደቅ።

እግረ መንገዴን፣ በዚያው የ2015 ዳሰሳ በአገራችን አንድ ሰው በቀን በአማካይ ከ8 ግራም በላይ ጨው እንደሚመገብ ተገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ጨው መቀነስ ግፊትን እንደሚቀንስ ደግሞ በተደጋጋሚ የተረጋገጠ ነው። «ወጥሽ ላይ ጨው ቀንሺ» የሚል ፕሮግራም ስፖንሰር የሚያደርግ ነጋዴ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ሦስተኛውና በብዛት የሚሰማው «ባይጠቅም አይጎዳም» የሚለው ነው። የፊንላንዶቹ አጫሾች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን? ወደ ደም ሥር እንምጣ ከተባለም፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣውና 14,641 ወንድ ሐኪሞች በተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ቫይታሚን ኢ የልብ ጥቃትን ሳይቀንስ ደም በመፍሰስ የሚመጣው ስትሮክ ግን ቫይታሚኑን በወሰዱት ላይ በዝቶ ታይቷል። ደም ግፊት ያለበት ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈራው ይህንኑ አይደል? ከዚህም ሌላ ትልቁ ጉዳት ብልቃጡ ውስጥ የለም። ትልቁ ጉዳት ብልቃጡ ሲገባ ከቤት የሚወጣው ክኒን ነው።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

መቼም ሁላችንም ሐኪም አንሆንም። መሆንም አይጠበቅብንም። አንድ የጤና ዜና እጃችን ሲገባ ግን ከመጻፋችን በፊት አራት ጥያቄ መጠየቅ እንችላለን።

1. በማን ላይ ተፈተነ? በሕዋስ፣ በአይጥ ወይስ በሰው? በሰው ከሆነ በስንት ሰው?

2. ምን ተለካ? የደም ሥሩ መላላት፣ የግፊቱ ቁጥር ወይስ ሰውየው ከስትሮክ መዳኑ? እነዚህ ሦስቱ አንድ አይደሉም፤ የአንቲኦክሲዳንት ታሪክ በሙሉ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው።

3. ከምን ጋር ተነጻጸረ? ምንም ካለመውሰድ ጋር ወይስ ሰው አሁን ከሚወስደው መድኃኒት ጋር?

4. ማን ከፈለ? የጥናቱንም፣ የአየር ሰዓቱንም።

እነዚህን ለመጠየቅ ኬሚስትሪ ማወቅ አያስፈልግም። «ከንቲባው ይህን ቃል ሲገቡ በጀቱ ከየት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ «ይህ እንክብል ያድናል ሲባል በማን ላይ ታየ?» ብሎ መጠየቅ አያቅተውም። ፖለቲከኛ ሲናገር ነቅተን፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሲናገር ለምን እንደምንተኛ አይገባኝም።

ለዲፓርትመንታችንም ሁለት ትንንሽ ሐሳቦች አሉኝ። አንደኛ፣ በዚህ መጽሔትም ሆነ በልምምድ ስቱዲዮአችን የሚቀርብ ማንኛውም የጤና ዘገባ በመጀመሪያዎቹ ሁለት አንቀጾች ውስጥ «በማን ላይ ተፈተነ» የሚለውን መልስ ይያዝ፤ ካልያዘ አርታዒው ይመልሰው። ሁለተኛ፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳርና መሰል የዕድሜ ልክ ሕክምና ስላላቸው በሽታዎች በምንሠራቸው ዘገባዎች ሁሉ «ሐኪምዎን ሳያማክሩ መድኃኒትዎን አያቋርጡ» የምትል አንድ መስመር አትቅር። ለእኛ የአምስት ሴኮንድ ንባብ ናት። መምህራኖቻችንም ከጤና ሳይንስ በኩል አንድ ሰው ጋብዘው ጥናት እንዴት እንደሚነበብ ለግማሽ ቀን ቢያስረዱን ከብዙ የንድፈ ሐሳብ ገጾች የበለጠ ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ።

አንዳንዶች «እንዲህ ከሆነማ የጤና ዜና አሰልቺ ይሆናል» ይሉኛል። እኔ ግን በተቃራኒው ነው የማየው። «አንቲኦክሲዳንት የደም ሥርን ያድሳል» የሚለው ዜና ሺህ ጊዜ ተሰምቷል። ኖቤል ያሸለመ ሐሳብ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የተሳተፉበት ፈተና፣ ማንም ያልጠበቀው ውጤት፣ የወደቀ ቫይታሚንና ያሸነፈ ርካሽ ክኒን ያለበት ታሪክ ግን ገና በደንብ አልተነገረም። ሙሉው እውነት ከግማሹ ይልቅ ጥሩ ታሪክ ነው። የሚጠይቀው ትንሽ ተጨማሪ ንባብ ብቻ ነው።

ደግሞም አንባቢያችን ወይም አድማጫችን ማን እንደሆነ አንርሳ። ጥናቱን ፈልጎ የሚያነብ አይደለም፤ እኛ ባነበብንለት ልክ የሚያውቅ ነው። ማታ ሬዲዮ ከፍቶ ሲያዳምጥ አጠገቡ ጠረጴዛው ላይ የክኒን ብልቃጥ ተቀምጧል። የምንናገረው ነገር ነገ ጠዋት ያንን ብልቃጥ መክፈቱን ወይም አለመክፈቱን ሊወስን ይችላል። ይህን እያሰብን እንጻፍ።